ነዳጅ ሲሰጡት ሲጢጥ የሚል አይሱዙ እና ድምፁን ቆጥሮ ያገኘው የቃሊቲ ጋራዥ

ይህ ጽሑፍ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ በቆርቆሮ ስለታጠረ አንድ አነስተኛ የጭነት መኪና ጋራዥ አገልግሎት የቀረበ ግምገማ ነው። የጋራዡን ስም የማልጠቅሰው ባለቤቱ አደራ ስላሉኝ ነው፤ ግቢያቸው ከሁለት አይሱዙ በላይ አይችልም፣ አብረዋቸው የሚሠሩትም ሁለት ወጣቶች ብቻ ናቸው፣ በዚያ ላይ ወረፋ ቢበዛባቸው ሥራው እንደሚበላሽባቸው በግልጽ ነግረውኛል። ስማቸው ባይጻፍም አሠራራቸው ቢጻፍ ለሌላው ባለመኪና ይጠቅመዋል፤ እኚህ ሰው መጀመሪያ የሚያስከፍሉት ችግሩን ላገኙበት ነው፣ የዕቃና የእጅ ዋጋ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እኔ ደግሞ እርሳቸው ዘንድ ከመድረሴ በፊት ሁለት ጊዜ ዕቃ አስለውጬ፣ ሁለት ጊዜ ከፍዬ፣ ድምፁን እንዳለ ይዤ ተመልሻለሁ።

መኪናዬ አይሱዙ ኤንፒአር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የግንባታ ዕቃ ይዞ ይሄዳል፣ ሲመለስ ጤፍ ይጭናል። አንዳንዴ ሹፌር ይይዘዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው እኔው ነኝ። ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ 40 ኩንታል ጤፍ ጭኜ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ነበር። ያንን ዳገት የነዳ ያውቀዋል፤ ከድልድዩ እስከ ከተማዋ ድረስ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ ጠመዝማዛ መንገድ ስለሆነ የጫነ አይሱዙ አብዛኛውን በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ነው የሚወጣው። በዚያ መሐል ከወለሉ ሥር፣ ከጋቢናው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ጫጩት የምትጮኽ የመሰለ ቀጭን «ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ» የሚል ድምፅ መጣ። ነዳጅ ስረግጥ ይጀምራል፣ እግሬን ሳነሳ ወዲያው ያቆማል፣ መልሼ ስረግጥ ይመለሳል። ረዳቴ «ከጭነቱ ውስጥ ወፍ ገብታ ይሆናል» ብሎ አስቆኝ ነበር፤ በሦስተኛው ምልልስ ግን ሁለታችንም መሳቅ ትተናል። ፍጥነቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ድምፁ አይሰማም፤ ጠፍቶ ይሁን በሞተሩና በነፋሱ ተውጦ መለየት አልቻልኩም ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ጋቢናውን ወደ ፊት አጋድሞ፣ ሞተሩን አስነስቶ አጥፍቶ፣ ቺንጋውን፣ ማለትም የሞተሩን ቀበቶ፣ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ «ቺንጋ ነው» አለኝ። ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሁሉ ቺንጋ ነው የሚለው እምነት በእኛ አገር ጋራዦች ሥር የሰደደ ነው፣ ብዙ ጊዜም ልክ ሆኖ ስለሚገኝ አልፈርድባቸውም። ቺንጋዎቹ ተለወጡ፤ ድምፁ እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው ጋራዥ ጉዳዩን ከበድ አድርጎ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፔዳል የሚገፋው መሽከርከሪያ፣ ነው አለኝ፣ ለእርሱ ደግሞ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ መውረድ ስላለበት መኪናው ሁለት ቀን ቆመ። ኩሽኔታው ተለወጠ፣ ካምቢዮው ተመለሰ፣ ከግቢው ወጥቼ የመጀመሪያውን ዳገት ስይዝ ጫጩቷ እንደገና ጮኸች። ለሁለቱ ጋራዦች ያወጣሁት ገንዘብ ከ11 ሺህ ብር በላይ ሆነ፣ የቆመበትን ቀን ሳልቆጥር ማለቴ ነው። ሁለቱም ቦታ ማንም ሰው ከእኔ ጋር ጋቢና ገብቶ ድምፁን አልሰማም፤ ይህን ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው።

የቃሊቲውን ጋራዥ የጠቆመኝ አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ነው። ባለቤቱ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ወጣቶቹ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው፣ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። እንደደረስኩ ዋጋቸውን አስቀድመው ነገሩኝ፤ ችግሩን ፈልጎ ለማግኘት 1,500 ብር፣ ጥገናውን እዚያው ካሠራሁ ከእጅ ዋጋው ላይ የሚቀነስ፣ ካላገኙት ደግሞ ምንም የማይከፈል። እንዲህ ያለ አከፋፈል ከዚያ በፊት ገጥሞኝ ስለማያውቅ መጀመሪያ ደስ አላለኝም፤ ገና ቁልፍ ሳይነካ የሚጠየቅ ገንዘብ ያስጠረጥራል። ጋቢናውን ለማጋደል እጄን ስዘረጋ ተዉኝ አሉና ጥያቄ ጀመሩ። ድምፁ በቆመበት ነዳጅ ሲሰጡት ይመጣል? ፍሪሲዮን ሲረገጥስ? ቁልቁል ላይ? ወደ ኋላ ሲሄድ? ባዶውን ሲሆን? የመጨረሻውን ስመልስ ባዶውን ሲሆን እምብዛም አይሰማም አልኩ። «እንግዲያው ባዶውን አምጥተህ ምን ሰማሁ ልበልህ፣ ልጄ? ሲጫን ከሆነ የሚጮኸው፣ ጭነህ ና» ብለው መለሱኝ። ቀኑ ተቃጠለ። በዚያን ሰዓት ተናድጄ ነበር የወጣሁት፣ ለወዳጆቼም ስለ እርሳቸው መጥፎ ነገር ተናግሬያለሁ፤ አሁን ሳስበው ግን ያ መልስ ከሠሩልኝ ሥራ ሁሉ የበለጠው ሳይሆን አይቀርም።

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደውን ሲሚንቶ እንደጫንኩ በጠዋት ደረስኩ። የመጀመሪያው ሥራ በቆመበት ሆነ። ሞተሩ እየሠራ ነዳጅ አሰጡኝ፣ መብራት ሁሉ አስበሩኝና ዲናሞው ጭነት ሲያገኝ ድገም አሉኝ። ረጅም ካቻቢቴ አምጥተው ጫፉን በዲናሞው አካል፣ ቀጥሎ በውኃ ፓምፑ ላይ አሳርፈው እጀታውን ከጆሯቸው አጥንት ጋር እያገናኙ አዳመጡ። ቺንጋው ላይ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ረጩበት፤ ይህን ለምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው፣ የሚጮኽ ቺንጋ ውኃ ሲያገኝ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ ቺንጋው የሚዞርባቸው ፑሌጃዎች በአንድ መስመር አልቆሙም ማለት እንደሆነ፣ ውኃው ጩኸቱን ካባባሰው ደግሞ ቺንጋው ላልቶ እየተንሸራተተ መሆኑን አስረዱኝ። የእኔው ሲጀመርም አልጮኸም፣ ውኃውም አላስጮኸውም። ፍሪሲዮኑን ረግጬ እንድለቅ ካደረጉ በኋላ «ኩሽኔታውን ማን ነው ያስለወጠህ?» ብለው ጠየቁ፤ የሚጮኽ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ እግር ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ የሚታወቅ ነገር ነውና ቆሞም ሊሰማ ይገባው ነበር። መልሴን ሳይጠብቁ አለፉ፤ ሌላ ባለሙያ ማማት እንደማይወዱ ከዚህ ተረዳሁ።

ከዚያ ጋቢና ገብተው አጠገቤ ተቀመጡና ወደ ውጭ ወጣን። ሜዳ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ድምፁ እንደመጣ «ፍሪሲዮን ርገጥና ነዳጁን አትልቀቅ» አሉኝ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው በራሱ እየተንከባለለ ሄደ፣ ጫጩቷ ግን ወዲያው ዝም አለች። ፍሪሲዮኑን ስለቅና ኃይል ወደ ጎማ ሲሄድ ተመልሳ መጣች። በዚች በአንዲት ሙከራ ብዙ ነገር ወደቀ፤ ሞተሩ ዙር እየጨመረ ድምፅ ካልሰጠ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ሁሉ ከጥርጣሬ ወጣ ማለት ነው። ሆኖም እርሳቸው እዚህ ላይ አልቆሙም። የጭስ ማውጫው ኮሌክተር ጋርኒሶን፣ ማለትም በመገጣጠሚያው መሐል የሚገባው ማሸጊያ፣ ሲበላ የሚያፈስሰው ጭስ ልክ እንደዚህ ሲጥ ሲጥ ሊል ይችላል፣ እርሱ ደግሞ ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት ብቻ ስለሚሰማ ቆሞ ወይም ፍሪሲዮን ተረግጦ ነዳጅ ቢሰጡት ራሱን ላያጋልጥ ይችላል አሉኝ። ይህን የሚያስብ መካኒክ ብዙ አላየሁም።

ጥርጣሬውን የፈቱበትን መንገድ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ለዚህ ግምገማ መነሻ የሆነኝም እርሱ ነው። ከጋራዡ በታች አጭር ዳገት አለ። መኪናውን እታች አቁመው በኋለኛው ግራ ጎማ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ወፍራም ምልክት አደረጉ። ከዚያ በመጀመሪያ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ዳገቱን እንድወጣ አዝዘውኝ እርሳቸው ከጎማው ሁለት ሜትር ያህል ርቀው ጎን ለጎን ተራመዱ። ጠመኔው መሬት በነካ ቁጥር አንደኛው ልጅ «አንድ፣ ሁለት» እያለ ዙሩን ይቆጥራል፣ እርሳቸው ደግሞ በከንፈራቸው ጩኸቱን ይቆጥራሉ። አምስተኛው ዙር ሲሞላ እጃቸውን አነሡና አቆምኩ። «29» አሉ። ደግመን ሠራነው፤ በሁለተኛው ጊዜም 29 ሆነ፣ በሦስተኛው 30።

የቁጥሩን ትርጉም በጠመኔው መሬት ላይ ጻፉልኝ። የመኪናዬ ዲፍረንሻል፣ ማለትም በኋላው አክስል ላይ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው የጥርስ ክፍል፣ 7 በ41 ነው፤ ባለ 7 ጥርሱ ፒኞን ባለ 41 ጥርሱን ትልቅ ጥርስ ያዞራል፣ ስለዚህ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ ወደ ዲፍረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ፣ ማለትም ትራስሚሲዮኑ፣ 6 ጊዜ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ይዞራል። አምስት የጎማ ዙር ከ29 ትንሽ የሚበልጥ የትራስሚሲዮን ዙር ነው። ጩኸቱ ከጎማው፣ ከጎማው ኩሽኔታ ወይም ከፍሬን ታምቡሩ ቢሆን ኖሮ በአምስት ዙር አምስት ጊዜ ያህል ይሰማ ነበር፤ ከሞተሩ ወይም ከጭሱ ቢሆን ደግሞ በመጀመሪያ ማርሽ ሞተሩ ከትራስሚሲዮኑ ብዙ እጥፍ ስለሚፈጥን በጆሮ ሊቆጠር ባልቻለ ነበር። 29 ማለት ከትራስሚሲዮኑ ጋር የሚዞር ነገር ነው። አንድ የጠመኔ ቁራጭ፣ አንድ ዳገት፣ አንድ የጫነ መኪና፤ ለዚህ ሌላ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። እኔ 12 ዓመት ስነዳ የዲፍረንሻሌን ቁጥር ያወቅሁት ለመለዋወጫ ግዢ ብቻ ነበር።

ከትራስሚሲዮኑ ጋር የሚዞረው ግን አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በረጅሙ ኤንፒአር ላይ ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ሆኖ መሐል ላይ በሱፖርቶ ተንጠልጥሏል፤ ሱፖርቶው ውስጥ ላስቲክ ያቀፈው ኩሽኔታ አለ፣ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ ደግሞ ሦስት ክሮቸራዎች፣ ማለትም ዘንጉ እየተጣጠፈ እንዲዞር የሚያገናኙ ባለ አራት ክንድ መስቀሎች፣ አሉ። በዚያ ላይ የእጅ ፍሬኑ ታምቡር ከካምቢዮው ኋላ ከዚሁ ዘንግ ጋር ይዞራል፣ ሸራው እየነካካ ቢሆን እርሱም በዙር አንድ ጊዜ ሊጮኽ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን በቃል ብቻ አስወጡት፤ የሚነካ ሸራ ነዳጅ ተሰጠ አልተሰጠ ይነካል፣ የእኔው ግን እግሬን ሳነሳ ይጠፋል። ክሮቸራ በአንጻሩ ኃይል ሲያልፍበት የአራቱን ክንዶች ጫፍ በሚሸፍኑት ቆቦች ውስጥ የተደረደሩት ቀጫጭን መርፌዎች በአንድ ወገን ይጨመቃሉ፤ ግሪስ ካለ በዝምታ ይንከባለላሉ፣ ከደረቁ ብረት በብረት ይፋተጋል። በጫነ መኪና ደግሞ ኃይሉ የኋላውን አክስል በባሌስትራው፣ ማለትም በተደራረበው የብረት ሞላ፣ ላይ ትንሽ ጠምዘዝ ስለሚያደርገው ክሮቸራው የሚሠራበት ማዕዘን ይለወጣል፣ ጩኸቱም ይብሳል። ባዶውን ያልጮኸበት ምክንያት ይኸው ነበር።

ወደ ግቢው ተመልሰን መኪናው ሥር ከመግባታቸው በፊት አራቱም አቅጣጫ ላይ ድንጋይና ታኮ አስቀመጡ፤ ልጆቹ አንዱን ታኮ ሲረሱ ሥራውን አስቁመው እስኪቀመጥ ጠበቁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የእጅ ፍሬኑ ራሱ ትራስሚሲዮኑን ስለሚይዝ ትራስሚሲዮኑ ሲፈታ መኪናውን የሚይዘው የእጅ ፍሬን የለም ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ዳገት ላይ ትራስሚሲዮን የሚፈቱ ሰዎች አሉ።

ከሥር የታየው ነገር ለማየት ባትሪ እንኳ ብዙም አላስፈለገውም። ከፊተኛውና ከኋለኛው ክሮቸራ ቆቦች ዙሪያ ጥቁር፣ አቧራ የተቀባ ግሪስ ነበር፤ ከመሐለኛው በአንዱ ቆብ ሥር ግን ደረቅ፣ ቀይ ቡናማ ዱቄት ተጋግሯል፣ በጣታቸው ጠረግ አድርገው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። የተፈጨ ዝገት ነው። ቀጥለው የግሪስ ፓምፕ በኒፕሉ፣ ማለትም በግሪስ ማስገቢያው አፍ፣ ላይ አያይዘው ገፉ፤ ከሦስቱ ቆቦች ጠርዝ አሮጌው ግሪስ ተገፍቶ ወጣ፣ ከአራተኛው ምንም። ደግመው ደጋግመው ገፉ፣ ከአራተኛው አሁንም ምንም። «እዚህ ነች» አሉ። ሱፖርቶውን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት፤ ላስቲኩ አልተቀደደም፣ ኩሽኔታውም በእጅ ሲዞር ዝም ያለ ነበር፣ ስለዚህ እርሱን መለወጥ አያስፈልግም ብለው ተዉት። ቢነግሩኝ ኖሮ እለውጠው ነበር፤ አልነገሩኝም።

እዚህ ላይ ምርጫ ሰጡኝ። የገባው ግሪስ በዙሪያው ሰርጎ ለጥቂት ቀናት ድምፁን ሊያጠፋው እንደሚችል፣ ይህ ግን መዳን ሳይሆን መታፈን መሆኑን፣ የደረቀው ቆብ አንድ ቀን ዓባይ በረሃ ላይ ቢበተን የወደቀው ዘንግ መሬቱን እየደበደበ የፍሬን ቱቦ ሊቆርጥ እንደሚችል ነገሩኝና ውሳኔውን ለእኔ ተዉት። እንዲለወጥ አልኩ።

ሲወልቅ ያየሁትን እስከ አሁን አልረሳሁትም። ከሦስቱ ቆቦች መርፌዎቹ በግሪስ ተለስነው እንደ ጥርስ ተደርድረው ወጡ፤ አራተኛው ሲገለበጥ መርፌዎቹ ተሰባብረው ከቀይ ዱቄት ጋር እንደ ሽርክት እህል ጋዜጣው ላይ ፈሰሱ። በክሮቸራው ክንድ ላይ መርፌዎቹ የተቀመጡበት ቦታ በመስመር በመስመር ተቦርቡሯል፣ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ያዝ፣ ያዝ እያደረገ ነው የሚያልፈው። መነሻውን ጠየቅኳቸው። በምን ታሳጥበዋለህ አሉኝ። በየሳምንቱ ላቫጆ እወስደዋለሁ፣ ከሥሩም በከፍተኛ ግፊት ውኃ ይመታል፤ ከእጥበት በኋላ ግሪስ መስጠት ደግሞ የረዳቴ ሥራ ነበር፣ ክረምቱን ሙሉ ግን መኪናው ጭቃ ስለሆነ እጥበት ጨምረን ግሪስ ቀንሰናል። ውኃው በተላላጠው የቆብ ላስቲክ ገባ፣ ግሪሱን አጥቦ አወጣ፣ ዝገቱ ቀጠለ። ስለዚህ በሠሪው ፋብሪካም ሆነ በመንገዱ የማላክከው ጥፋት ነው።

ዕቃውን ራሴ እንድገዛ ነው የተላክሁት፤ እርሳቸው ዕቃ አይሸጡም፣ ከሻጭም ኮሚሽን አይወስዱም። አሮጌውን ክሮቸራ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጥተውኝ «በስሙ አትግዛ፣ አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ለካ» አሉኝ። የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ስደርስ ነገሩ ገባኝ፤ በአንድ ስም ሦስት የሚመሳሰሉ ክሮቸራዎች ቀረቡልኝ፣ አንደኛው በቆብ ስፋቱ ከእኔው በጥቂቱ ያንስ ነበር። ሌላው የግሪስ ኒፕል የሌለው፣ «ተዘግቶ የሚመጣ» የሚባለው ዓይነት ነው። ጋሼ ኒፕል ያለውን እንድመርጥ አሳስበውኝ ነበር፤ በእኛ ጭቃና በእኛ ላቫጆ ግሪስ የማይገባበት ክሮቸራ ዕድሜው አጭር ነው የሚል አቋም አላቸው። ቆቡን በጣት አዙሬ መርፌዎቹ ሳይንቀጫቀጩ የሚሽከረከሩትን ወሰድኩ፣ 3,800 ብር ከፈልኩ።

ገጠማው ላይ አንድ ነገር ተመለከትኩ። ትራስሚሲዮኑ ከመፈታቱ በፊት አንደኛው ልጅ ሁለቱ ቁራጮች የሚገጥሙበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ነበር። ጋሼ አይተው «ግሪስ ሲነካው የት ታገኘዋለህ?» አሉትና በፖንቾና በመዶሻ ብረቱ ላይ እንዲነጥብ አደረጉት። በሁለቱ ጫፍ ክሮቸራውን የሚይዙት ሹካዎች በአንድ አቅጣጫ ሳይገጥሙ ከቀሩ ሲጢጥታው ጠፍቶ በምትኩ መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ እርሱን ለማግኘት ደግሞ ሌላ 1,500 ብር ያስፈልጋል ብለው ቀለዱ፤ በዚያ ቀን የቀለዱት እርሱኑ ብቻ ነው። አዲሱ ክሮቸራ ሲገባ የቆቦቹ መርፌዎች እንዳይወድቁ በሊቲየም ግሪስ ለጥፈው አስቀመጧቸው፣ ከተገጠመ በኋላም ከአራቱም ቆቦች ጠርዝ አዲስ ግሪስ እስኪወጣ ድረስ ፓምፑን አልተዉትም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቆቦቹን ያወለቁትና ያስገቡት በሞርሳና በመዶሻ ነው፤ ዕቃን በግፊት የሚያስገባና የሚያወጣ ፕሬስ የላቸውም። እጃቸው የተፈተነ ስለሆነ ምንም አልተበላሸም፣ ነገር ግን መዶሻ በሹካው ላይ ሲያርፍ ባለመኪናው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ለዚህ ዓይነት ሥራ ከሚያስከፍሉት አንጻርም አንድ አነስተኛ ፕሬስ ሊኖራቸው ይገባል እላለሁ። ግቢው ጣራ የለውም፤ ዝናብ ሲመጣ ሥራው ይቆማል፣ የእኔውም አንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ ነበር። ደረሰኝ ሲባሉ የሚሰጡት በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ነው፣ ምን እንደተመረመረና ምን እንደተለወጠም አይጻፍበትም። 29 የሚለውን ቁጥር ያህል ነገር በመኪናው ደብተር ላይ እንዲሰፍር እፈልግ ነበር፤ በኋላ ራሴ ጻፍኩት። ስልክ አያነሡም፣ ወረፋ የሚያዘው በአካል ሄዶ ነው። ኮምፒውተር የሚጠይቁ አዳዲስ ሞተሮችንም አይነኩም፣ ይህን ራሳቸው በር ላይ ነው የሚናገሩት።

ዋጋው በጠቅላላ ክሮቸራውን ጨምሮ 6,300 ብር ሆነ፤ 1,500 ብሩ ከእጅ ዋጋው ተቀንሶልኛል። ቀድሞ በከንቱ ካወጣሁት ጋር ሳነጻጽረው ርካሽ ነው፤ ብቻውን ካየነው ግን አንድ ክሮቸራ ለመለወጥ ሌላ ጋራዥ ከሚጠይቀው ይበልጣል። ምን እንደተበላሸ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ወደ እርሳቸው መሄድ አያስፈልገውም፤ የትኛውም ጥሩ መካኒክ ክሮቸራ ይለውጥለታል። የማይታወቅ ድምፅ ይዞ ለሚንከራተት ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ለሌላ ጋራዥ ደንበኛ የሆነም ቢሆን መካኒኩ ጋቢና ገብቶ እንዲሰማ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ እንዲሞክር፣ ጎማው ላይ ጠመኔ እንዲያደርግ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ዕቃ አይፈልግም። የሚሄድ ሰው መኪናው በሚጮኽበት ሁኔታ ይሂድ፣ ሲጫን የሚጮኽ ከሆነ ጭነቱን ሳያወርድ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጮኽ ከሆነ ማታውን እዚያው አሳድሮ። ክፍያ በቴሌብርም ይቀበላሉ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠሩት።

ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ አራቱንም ጊዜ ከዓባይ ድልድይ ጎሐ ጽዮን ድረስ ሬዲዮ ዘግቼ ነው የወጣሁት። ጫጩቷ የለችም። በአራተኛው ሳምንት ከላቫጆ እንደወጣን ረዳቴ ፓምፑን ይዞ ገባና መሐለኛው ክሮቸራ በሦስት ግፊት ከአራቱም ቆብ ግሪስ እንደሰጠ ጮኾ ነገረኝ። አሁን የቀረው የኋላው ግራ ባሌስትራ ነው፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ብቻ ጭርር ይላል፣ ነዳጅ ብሰጠውም ባልሰጠውም ለውጥ የለውም። ለጋሼ በቃል ነግሬያቸው ቡሸው አልቆ ይሆናል አሉ፣ ለዚህኛው ግን መጫን አያስፈልግህም፣ ባዶውን አምጣው ብለውኛል።